«ብርድ መትቶት ነው» እና ሌሎች ስለ ኩላሊት ካንሰር የሚወሩ ነገሮች

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ባሉ ሻይ ቤቶች የሲቲ ስካን ፖስታውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚተክዝ አስታማሚ አይጠፋም። አጠገቡ መካሪም አይጠፋም። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ብዙው ግን ልክ አይደለም። ስለ ኩላሊት ካንሰር ሲባሉ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ኩላሊቱን ብርድ መትቶት ነው»

ብርድ የኩላሊት ካንሰር አያመጣም። ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉም ኩላሊቱን አልታመመም፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከአከርካሪ ነው። የኩላሊት ካንሰር እንዲያውም ረጅም ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ ለሐሞት ጠጠር ወይም ለጨጓራ ተብሎ በተነሳ አልትራሳውንድ ላይ በአጋጣሚ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ በደንብ የታወቁት ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ናቸው። ሽንት ላይ ደም ከታየ ግን፣ ባያምም፣ በማግስቱ ቢጠፋም፣ መታየት አለበት። «ጠፋልኝ» ብሎ መተው ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው።

«ልጇ ከሞተ ወዲህ ነው፣ ሐዘኑ ነው ያመጣባት»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ካንሰሩ በምን እንደሚያድግ ከሌሎች ካንሰሮች በተሻለ ከሚታወቅባቸው አንዱ ይሄ ነው።

ከኩላሊት ካንሰር ከአራቱ ሦስቱ ገደማ «ክሊር ሴል» የሚባለው ዓይነት ነው። እጢው ሲቆረጥ ቢጫ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሴሎቹ ውስጣቸው ባዶ ይመስላል። የሞላቸው ስብና ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር ነው፤ ናሙናው ሲዘጋጅ ይታጠባል። በአብዛኞቹ እነዚህ እጢዎች ውስጥ የሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ተቆርጦ ጠፍቷል። እዚያ ክንድ ላይ ቪኤችኤል የሚባል ጂን አለ። ከሌላው ወገን የቀረው ቅጂም ሲበላሽ ሴሉ ያለ ቪኤችኤል ይቀራል።

የቪኤችኤል ሥራ ሂፍ የተባለውን ፕሮቲን ማስወገድ ነው። ሂፍ የኦክስጅን እጥረት ሲመጣ ሴሉን የሚያነቃ ነው። ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር ምልክት ይደረግበታል፣ ቪኤችኤል ምልክቱን አይቶ ይይዘዋል፣ ይፈጫል። ከቆላ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ቀይ የደም ሴሉ የሚጨምረው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሂፍ ይነሳል፣ ኩላሊትም ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። (ስለዚህ የከተማችን ከፍታ ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም። ጤነኛ ሴል ኦክስጅን ሲያገኝ ሂፍን መልሶ ያጠፋል።) ቪኤችኤል የሌለው ሴል ግን ደም እየፈሰሰለትም የታፈነ ይመስለዋል። ሂፍ አይጠፋም፤ ቪኢጂኤፍ የሚባል መልእክተኛ እየላከ አዳዲስ የደም ሥር ያስበቅላል፣ ስኳር የሚገባበትን በር ይከፍታል። የኩላሊት እጢ በደም ሥር የተሞላው ለዚህ ነው። ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሴል ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቅ በማሳየታቸው ነው።

ቪኤችኤል ብቻ መጥፋቱ አይበቃም። በዚያው ክንድ ላይ ፒቢአርኤም1፣ ቢኤፒ1 እና ሴትዲ2 የተባሉ ሌሎች ጠባቂ ጂኖች አሉ፤ ከእነሱም አንዱ ሲበላሽ እጢው ይገፋል፤ ቢኤፒ1 የጠፋበት አብዛኛውን ጊዜ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የክሮሞሶሙ ክንድ መጥፋት በብዙዎቹ ላይ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚሆን ነው፤ እጢው የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ያቺ እናት ዘንድሮ ያዘነችው ሐዘን ያን አላደረገም። ይሄን አስረግጦ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ጥሩ ነበር።

«ስኳር ካቆመ እጢው በረሃብ ይሞታል»

ሴሉ ስኳር እንደሚስገበገብ እውነት ነው። ግን አፍ ቢዘጋም ጉበት ስኳር ይሠራል፤ እጢው ድርሻውን አያጣም። የሚከሳው ታማሚው ነው፤ የከሳ ሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን በቀላሉ አይቋቋምም።

«ቢላ ከነካው ይበተናል»

ይሄኛው ሰው ይገድላል። ከኩላሊት ሳይወጣ ለተገኘ እጢ ዋናው የመዳኛ መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ትንሽ ከሆነም እጢው ብቻ ተነስቶ ኩላሊቱ ይተርፋል። ካንሰሩ የሚሰራጨው በራሱ መንገድ ነው፤ ወደ ኩላሊት ደም መላሽ ሥር እየተሳበ መግባት ልማዱ ነው፣ ቢላ አይጠብቅም። ወሬው የመጣው ሰው ዘግይቶ፣ ከተሰራጨ በኋላ፣ ስለሚከፈት ይመስለኛል። ሁለተኛው ጤነኛ ከሆነ በአንድ ኩላሊት መኖር ይቻላል።

«ኬሞ ያልሰጡት ተስፋ ቆርጠውበት ነው»

አይደለም። የተለመደው ኬሞ ለክሊር ሴል እምብዛም አይሠራም። የሚሠሩት መድኃኒቶች ከላይ የተባለውን ሰንሰለት የሚቆርጡ ናቸው፦ የቪኢጂኤፍን ተቀባይ የሚዘጋው ሱኒቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኤምቶር የተባለውን የዕድገት መስመር የሚገታው ኤቬሮሊመስ በ2009፣ ራሱን ሂፍን የሚያስረው ቤልዙቲፋን በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተዋል። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃው ኒቮሉማብም ከ2015 ጀምሮ አለ። ዋጋቸው የማይቀመስ ነው፤ ያ ግን ሌላ ችግር እንጂ ሐኪሙ ተስፋ መቁረጡ አይደለም።

«በዘር ነው፣ ልጆቹም አይተርፉም»

አብዛኛው በዘር አይመጣም። ጂኑ የተበላሸው እጢው ውስጥ ብቻ ነው። በወጣትነት ከመጣ፣ ወይም ሁለቱም ኩላሊት ላይ ከወጣ ግን የቤተሰቡን ታሪክ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ኩላሊት የሚጠርግ ቅጠል ማንንም አይጎዳም»

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ሴቶች ለመክሳት የወሰዱት የዕፅዋት ክኒን ኩላሊታቸውን አውድሟል፤ በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ታይቷል። ክኒኑ ውስጥ የገባው አሪስቶሎኪያ የሚባል ዕፅ ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ያበላሸዋል።

«የኩላሊት ካንሰር ሁሉ ያው ነው»

የፓቶሎጂው (የእጢው ናሙና ምርመራ ውጤት) ወረቀት ላይ «ክሊር ሴል» ሳይሆን «ፓፒለሪ» ወይም «ክሮሞፎብ» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስለ ቪኤችኤል የተባለው ላይሠራ ይችላል፤ በአንዳንድ ፓፒለሪዎች ውስጥ የሚገፋው ሜት የተባለ ጂን ነው፣ ባሕሪውም መድኃኒቱም ይለያያል። ብዙ አስታማሚ ሲቲ ስካኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ይዞ ይህችን አንድ ገጽ ቤት ትቷት ይመጣል። ቀጠሮ ስትሄዱ ያዟት፤ ዓይነቱ ካልተጻፈባት ደግሞ «የትኛው ዓይነት ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።