ጣና ዳር አንድ ማታ፦ ስለ ዓሣ ማጥመድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአጎቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጣ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አንድ የሚተጣጠፍ ማጥመጃ ዘንግ ነበር። ወራት ሙሉ ስልኩ ላይ ሲያይ የከረመው፣ ባሕር ውስጥ በተዘረጋ ድልድይ ላይ ቆመው ማታ ማታ ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆችን ነው። «ባሕር ዳር ተቀምጠህ አለማጥመድህ ነውር ነው» አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጣና ዳር መንጠቆ የጣልኩ ሰው ነኝ። ግን እንግዳ ነው፣ ዝም አልኩ።

11 ሰዓት ላይ አንድ አሮጌ የጀልባ መቆሚያ ላይ ተቀመጥን። ጥበቃውን አስፈቅደን ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ዝም ተብሎ አይገባም። እስከ 3 ሰዓት እሱም፣ መንገደኛውም የተናገሩትን ለቀምኩ። አንዳንዱን ስሕተት እኔም ለዓመታት ሳምነው ኖሬያለሁ።

«ጣና ባሕር ነው፤ የባሕር ብልሃት ይሠራበታል»

ቃሉ ነው የሚያሳስተው። እኛ ጎጃሞች ጣናን ባሕር እንለዋለን፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ማዶው አይታይም። ማዶው የማይታይ ውሃ ደግሞ ለሰው ጥልቅ ይመስለዋል። ጣና ግን ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

የአጎቴ ልጅ ሰዓቱን እያየ «ውሃው የሚሞላው መቼ ነው?» አለኝ። ባሕር ላይ ጥያቄው ልክ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ስለሚስቡት፣ በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲሞላ ዓሣው ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይጠጋል። ስለዚህ የባሕር አጥማጅ ቤቱን ለቆ ሳይወጣ የሰዓቱን ሠንጠረዥ ያያል። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር በዓይን አይታይም። የእኛ ውሃ የሚሞላው በዓመት አንዴ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ። ግንቦት ላይ ደግሞ ይሸሻል።

እዚህ የሚጠበቀው ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣል፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄድን ሰው «በጠዋት ተሳፈር» የሚሉት ለዚህ ነው። ሲመሽ ብዙ ጊዜ ይረጋል። ያን ሰዓት ተንሳፋፊዋ ቡሽ ስትነቃነቅ ማዕበሉ ይሁን ዓሣው መለየት ትችላለህ። የእንግዳዬ ክር ማስመጫ ከባድ የእርሳስ ብረት ግን ለባሕር ሞገድ የተሠራ ነው፤ ጣና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። እኔ ቀጭን ክር፣ ቁራጭ ቡሽና የእንጅባራ ቀርከሃ ይበቃኛል።

«የዓባይ ዓሣ ሁሉ ጣና ውስጥ አለ»

ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ የዓባይ ዓሣ እይዛለሁ ብሎ ነበር የመጣው። ጫሞ ሐይቅ ቢሄድ ያገኘዋል፤ እዚህ ግን የለም። ምክንያቱ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ይገኛል፤ ጢስ ዓባይ። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረውን ያን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚዘል ዓሣ የለም።

በር ስለተዘጋበት ጣና የራሱን ዓሣ አበጀ። ገበያ ላይ የምናውቃቸው ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ባርበስ የሚባለው ወገን ነው፤ ጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ትልልቅ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ይህ የሚገርመኝ ወገኑ መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ነው። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ያለ ጥርስ አዳኝ መሆን!

«ሲመሽ ዓሣ ሁሉ ይበላል»

በግማሹ ልክ ነው። ቆሮሶ የቀን ሠራተኛ ነው። ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አልጌ ነው፤ የሚበላውም በይበልጥ በብርሃን ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ትንሽ ሊጥ በትንሽ መንጠቆ ብትሰጠው ይሞክርሃል። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ያመጣል የሚሉት ነገር ለእሱ አይሆንም፤ አፉ ጠባብ ነው። ከጨለመ በኋላ ግን ቆሮሶ መጠበቅ ትርፉ ብርድ ነው።

ያኔ ተራው የአምባዛ ነው። አምባዛ ዓይን ብዙም አያስፈልገውም። አፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞች ጭቃውን እየዳሰሰ፣ እያሸተተና እየቀመሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለእሱ ሊጥ ሳይሆን ትል ወይም የሚሸት የሥጋ ቁራጭ፣ ያውም ታች መሬቱ ላይ። አየርም ስለሚተነፍስ አልፎ አልፎ ላዩ ላይ ብቅ ብሎ ይስባል። ጨለማ ውስጥ «ጯ» ሲል የሰማኸው እሱ ሊሆን ይችላል።

«ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሰማናል»

የአጎቴ ልጅ መንገደኛውን ሁሉ «እሽሽ» ሲል አመሸ። ራሱ ግን በቡት ጫማው ሳንቃውን እየረገጠ ወዲህ ወዲያ ይላል። በደንገል ታንኳ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ መረባቸውን እየሰበሰቡ አዩት።

«ልጄ፣ አፍህን ተወው፤ እግርህን ያዝ» አሉት።

አንድ ሙሉ ትምህርት ነው። አየር ላይ የምናወራው ድምፅ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። ሳንቃውን የረገጥክበት ግን በምሰሶው በኩል በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ከአየር አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ዓሣ ከውጭ የሚታይ ጆሮ ባይኖረውም ውስጡ አለው። አምባዛና ነጭ ዓሣማ የአየር ከረጢታቸውን ከጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሏቸው፤ ከቆሮሶ ይልቅ ጆሯቸው ስል ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ ልጆቼን ስንት ጊዜ በከንቱ ተቆጥቻለሁ።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም»

ሣር መብላቱ እውነት ነው። ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ይግጣል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ይታያል። አደጋው የሚብሰው በእሱና በውሃው መካከል ስትቆም ነው። መመለሻውን የዘጋህበት ይመስለዋል። ከጨለመ በኋላ ሣር የበዛበት ዳር ላይ አትቀመጥ፣ አለቀ።

«ማታ እግር መንከር ችግር የለውም»

የብልሃርዝያ ጀርም ከቀንድ አውጣ የሚወጣው በይበልጥ በቀን ብርሃን ነው። ማታ ይቀንሳል እንጂ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ሰው በሽታውን ያውቀዋል። ዓሣህን ለማጠብ በባልዲ ቅዳ።

«ብርብራ ዓሣውን ያሰክረዋል እንጂ አይጎዳም»

ይህን ያሉት አጠገባችን የቆሙ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን በእኛ አገር የቆየ ነገር ነው። እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። በስንጥቡ በኩል ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ስካር የሚመስለን መታፈን ነው። ትልቁን ከትንሹም አይለይም።

የባሰው ደግሞ ወቅቱ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ሰው «ዓሣው ዘንድሮ በዛ» ብሎ የሚደሰተው የሚወልደው ሁሉ አንድ ቦታ ስለተሰበሰበ ነው። የወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብም ከብርብራው የተሻለ ሥራ አይሠራም።

«ሎሚ ጥሬውን ዓሣ ያበስለዋል»

የአጎቴ ልጅ ኪሱ ውስጥ ሎሚና ሚጥሚጣ ይዞ ነበር የመጣው። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል፣ ያጠነክረዋል፤ የበሰለ ያስመስለዋል። ዓሣው ውስጥ ያለውን የትል እጭ ግን በእርግጠኝነት አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ማቆየት። የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ሚጥሚጣው የሚያቃጥለው አንተን ነው።

ደግነቱ ክርክሩ ሳይጠናቀቅ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቡሹ ጠለቀ። የእኔ ቀርከሃ ነው። ስበን ስናወጣው ክንድ የሚያህል አምባዛ። የአጎቴ ልጅ በስልኩ መብራት አየውና ፊቱ ጠቆረ።

«ቅርፊት የለውም እኮ!»

ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት የተከለከለ ነው ብለው የማይበሉ ብዙዎች ናቸው፤ እሱም እናቱም አይበሉም። እዚህ ላይ የማርመው ነገር የለኝም፤ የሃይማኖት ነገር ነው። አምባዛውን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። መረቁ። ሎሚዋን ቤት ገብተን ሻይ ላይ ጨመቅናት።