ከአልጋው አጠገብ የሚገኝ ዕውቀት፦ የጤና ባለሙያዎች የልምድ ልውውጥ

አንድ ታካሚ ዋርድ ውስጥ ተኝቷል እንበል። የሚጥል በሽታ አለበት። መዋጥ ስለማይችል ምግቡም መድኃኒቱም የሚገባለት በአፍንጫው በኩል በገባ ቱቦ ነው። ማንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ፌኒቶይን የተባለ መድኃኒት በየቀኑ ይሰጠዋል፤ ማንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። ደሙ ሲመረመር የመድኃኒቱ መጠን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ዶዙን ጨመረ። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ራውንድ ላይ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ታካሚዎችን በየአልጋው ዞረው ሲያዩ፣ ነርሷ "መድኃኒቱን የምሰጠው እኮ ምግቡ እየወረደለት ነው" አለች። ፋርማሲስቱ ነገሩ ወዲያው ገባው። ፌኒቶይን በቱቦ ከሚሰጥ ምግብ ጋር ሲገናኝ ወደ ደም የሚዘልቀው መጠን ይቀንሳል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት መፍትሔ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ምግቡን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ማቋረጥ ነው። ግን ሌላም ወጥመድ አለ። ዶዙ እንደጨመረ ሆኖ ምግቡ ብቻ ከተቋረጠ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በዝቶ ታካሚውን ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ዶዙን እንደገና ማየት አለበት።

እዚህ ውስጥ ሰነፍ የለም። ነርሷ ሰዓቱን ታውቃለች። ፋርማሲስቱ ምክንያቱን ያውቃል። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል። ሦስቱ ሳይነጋገሩ ሁለት ቀን አለፈ።

በጤና ሙያዎች መካከል የሚደረግ የልምድ ልውውጥ የሚባለው እነዚህን ቁርጥራጮች አንድ ቦታ የማምጣት ሥራ ነው። ተሳታፊዎቹ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላብራቶሪና የራጅ ባለሙያዎች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ የሥነ ምግብና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ማዕቀፍ በሙያዎች መካከል የሚደረግ ትምህርትን ሲተረጉም፣ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያዎች ሰዎች ስለ ሌላው፣ ከሌላውና ከሌላው ጋር ሲማሩ ነው ይላል። ከሦስቱ ከባዱ "ከሌላው" የሚለው ይመስለኛል። አንድ ሲኒየር ሐኪም ስለ ነርስ ሥራ መስማት አይከብደውም። ከነርስ መማር ግን ወንበርን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል።

የሚለዋወጡት ዕውቀት አብዛኛው መጽሐፍ ላይ የለም፤ ካለም በአንድ መስመር ታልፏል። የላብራቶሪ ባለሙያው በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በጣም ከፍ ብሎ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ናሙናውን ነው። ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተው ከሆነ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያሻቅባል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሐኪም ደህናውን ሰው ለማከም ሊሯሯጥ ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ታካሚውን ታቆመዋለች፣ ታራምደዋለች። ተኝቶ ሲታይ ደህና የሚመስል ሰው አምስት እርምጃ ሄዶ ሲያለከልክ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የ42 ታካሚዎች ዝርዝር ታሪክ ይገኛል። ከነዚህ 25ቱ ሞተዋል። ጸሐፊው ሽንፈቱን አልደበቀም። ዛሬ ብዙ የጉዳይ ሪፖርት (የአንድን ታካሚ ታሪክ የሚዘግብ ጽሑፍ) የዳነውን ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ይህን ቁጥር ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል።

ከሙያ ሙያ መማር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ የሚያሳየው ግን የቪየናው ታሪክ ነው። በ1840ዎቹ የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በአማካይ ከመቶ አሥር ገደማ ነበሩ። በአዋላጆቹ ክፍል ከአራት አይበልጡም። እናቶች ይህን አውቀው ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይገቡ ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ልዩነቱን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ከረመ። በ1847 ጓደኛው ያኮብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ላይ በቢላ ተቆርጦ ሞተ። ሬሳው ላይ የታየው ምልክት ከእናቶቹ ጋር ተመሳሰለ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ግን ከአስከሬን ክፍል ቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይመጡ ነበር። ዜመልቫይስ ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አደረገ። በሚያዝያ 18.3 በመቶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2.2 በመቶ ወረደ። ብዙ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። የራስ እጅ ገዳይ ነው ሲባል መስማት ለማንም ከባድ ነው።

ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ቦስተን ላይ ኧርነስት ኮድማን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሌላ ችግር አነሳ። ታካሚው ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትለን ካልጠየቅን ሥራችን መልካም መሆኑን በምን እናውቃለን? ሐሳቡን ይሠራበት የነበረው ሆስፒታል ስላልተቀበለው በ1914 ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ግን ሠራበት። ከ1911 እስከ 1916 ከወጡት 337 ታካሚዎች ላይ 123 ስህተቶችን መዝግቦ አሳተመ። አብዛኛው ባልደረባው ጀርባውን ሰጠው። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የሞትና የጉዳት ግምገማ ስብሰባ ሥሩ ሲፈለግ ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ይህ ስብሰባ የሐኪሞች ብቻ ሆኖ ሲቀር ግማሹን ያጣል። ሌሊት አልጋው አጠገብ የነበረችው ነርስ ካልተጠራች፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሆነውን ማን ይናገራል?

መንገዶቹ ዛሬ ብዙ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚደረገው ስብሰባ አለ፤ ራውንድ አለ፤ ካንሰር ላይ የቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የሰውነት ናሙና የሚመረምረው ፓቶሎጂስትና ነርሷ አንድ የራጅ ፊልም ፊት ተቀምጠው የሚወስኑበት የጋራ ጉባኤ አለ። ፋርማሲስት ራውንድ ላይ መገኘቱ ብቻ ምን እንደሚለውጥ በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ መድኃኒት ሲታዘዝ በሚፈጠር ስህተት የሚደርስና ሊቀር የሚችል ጉዳት በ66 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። አንድ ሰው ተጨመረ።

ተረኞች ሲቀያየሩ የሚደረገው ርክክብም የልምድ ልውውጥ ነው፤ ሰው ግን እንደ ጣጣ ያየዋል። የሌሊቱ ተረኛ ደክሟል፣ ጫማውን ለውጧል፣ "ሁሉም ሰላም ናቸው፣ አምስት ቁጥርን ብቻ እያት" ብሎ ይሄዳል። አምስት ቁጥር ምኗ ነው የሚታየው? ሽንቷ ነው? ትንፋሿ ነው? በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛዎች ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ርክክብ ወጥ ቅርጽ ሲይዝና ተረካቢው የሰማውን መልሶ ሲናገር የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳየ። መልሶ መናገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያልተሰማው ነገር የሚያዝበት እዚያ ላይ ነው።

ርቀትንም የሚሻገር አለ። በ2003 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የጉበት ሐኪሙ ሳንጂቭ አሮራ ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው ሰዎች እሱን ለማየት ወራት እንደሚጠብቁ አይቶ ሌላ ዘዴ ዘየደ። በየሳምንቱ በቪዲዮ ከገጠር ክሊኒክና ከእስር ቤት ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ተገናኘ። እነሱ የራሳቸውን ኬዝ ያቀርባሉ፤ ሁሉም ይወያያል። በ2011 ውጤቱ ሲታተም በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶው፣ በገጠርና በእስር ቤት ከታከሙት 58.2 በመቶው ድነዋል። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ለስኳር፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለአእምሮ ሕመምም ሥራ ላይ ውሏል።

ሁሉም ልውውጥ ስለ መድኃኒትና ቁጥር አይደለም። ሚካኤል ባሊንት በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ አጠቃላይ ሐኪሞችን ሰብስቦ "ይህ ታካሚ ምን ስሜት ፈጠረብህ?" የሚል ውይይት ጀመረ። በካንሰር ታሞ በ1995 በሞተው ጠበቃ ኬኔት ሽዋርትዝ ስም የተጀመሩት ውይይቶች ደግሞ በሩን ለሁሉም ከፍተዋል። ሐኪሙም፣ ጸሐፊዋም፣ ምግብ አቅራቢውም ስለ ሥራቸው ክብደት ያወራሉ። መፍትሔ ይዞ መውጣት ግዴታ አይደለም።

ትልቁ እንቅፋት ፍርሃት ነው። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማት። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ያሳዩ ነበር። ኋላ ላይ ሲታይ የበለጠ ተሳስተው አልነበረም፤ ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር እንጂ። አንድ ዋርድ ለወራት አንድም ስህተት ካላስመዘገበ ደስ ከማለት በፊት ነገሩን መጠርጠር ይሻላል።

ልምድ ራሱ ግን ያሳስታል፤ ይህንንም መሸፋፈን አይገባም። ለአሥርተ ዓመታት በብዙ አገር ባለሙያዎች ሕፃናት በደረታቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ ነው ይሉ ነበር፣ ከልባቸው አምነው። ጥናቶች ግን ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በዚህ አተኛኘት እንደሚጨምር አሳዩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምክሩ ወደ ጀርባ ሲገለበጥ ሞቱ በብዙ አገሮች በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሰ። ስለዚህ "እኔ ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ነው ያየሁት" የሚል ሰው ሲናገር ይሰማል። ቀጥሎ ግን ስንት ታካሚ ላይ፣ ያልተሳካላቸውስ የት ሄዱ ተብሎ ይጠየቃል።

የታካሚው ምስጢርም አለ። ስምን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ብርቅ በሽታ፣ ዕድሜ፣ ሙያና የገባበት ቀን አንድ ላይ ከተነገሩ የሚያውቀው ሰው ወዲያው ይለየዋል። ፎቶ ደግሞ የባሰ ነው። ቁስሉን ብቻ አነሳሁ ብለህ ንቅሳቱ፣ ወይም ጀርባ ላይ ያለው የአልጋ ካርድ አብሮ ይወጣል። ለማስተማር የማያስፈልገውን ዝርዝር መተው፣ የሚያስፈልገውን ደግሞ ታካሚውን አስፈቅዶ ማቅረብ ነው። ብዙ ታካሚ ሲጠየቅ ይፈቅዳል። የሚከፋው ሳይጠየቅ የቀረው ነው።