ደረት ላይ ስለሚሰመረው መስመርና ስለ ጨረር ነጥቧ፦ የሚባለውና እውነታው

አክስቴ ለጡት ካንሰር ጨረር ልትጀምር ስትል፣ ከቀጠሮ የተመለሰች ቀን ነጠላዋ ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር። ደረቷ ላይ በማርከር የተሰመረው መስመር በላብ ለቆ ነጠላው ላይ ታትሟል። ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤቶች አዩ። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። አንዷ «ጨረሩ የሚገባው በዚህ በኩል ነው» አለች። ሌላዋ «ውሃ እንዳይነካሽ!» አለች። አክስቴም አምስት ቀን ገላዋን ሳትታጠብ ከረመች፣ ያውም በሚያዝያ ሙቀት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ መስመሩ በትንንሽ ነጥብ ንቅሳት ተተካ። ቤት መጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እናቴ አንገቷን የተነቀሰችው ለሰርጓ ነው። እኔ በስድሳ ዓመቴ ለማን ላምር?» እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለዚህ ነገር የሰማሁት የተሳሳተ ወሬ ብዙ ነው። አንድ በአንድ ልየው።

«ነጥቡ ያለበት ቦታ ካንሰሩ ያለበት ቦታ ነው»

አይደለም። ጨረሩም በነጥቡ ቀዳዳ አይገባም። ግንበኛ ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ ግድግዳ ሲያቆም አይታችኋል? ነጥቦቹ ለዚያ ዓይነት ሥራ ናቸው።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሲሙሌሽን የሚባል ቀጠሮ አለ። ታካሚዋ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። ክንዷ ከራሷ በላይ ይደረጋል። በዚያው አኳኋን ሲቲ ስካን ትነሳለች። ጨረሩ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ፣ ልብንና ሳንባን እንዴት እንደሚሸሽ የሚታቀደው በዚህ ምስል ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። በየቀኑ ስትመጣ ልክ እንደዚያ ቀን አድርጎ እንዴት ያስተኟታል? ሰው አልጋ ላይ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይተኛም። ልዩነቱ ደግሞ በሚሊሜትር ይቆጠራል።

ስለዚህ ክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ቀጫጭን የሌዘር መስመሮች አሉ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ። ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ደረት መሃል፣ አንድ አንድ ደግሞ በግራና በቀኝ ጎን ይደረጋል። እንደ ሆስፒታሉ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ባለሙያዎቹ ሌዘሩ ነጥቦቹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ገላዋን በትንሽ በትንሹ ያስተካክላሉ። የግራና የቀኙ እኩል ከሆኑ ገላዋ ወደ አንድ ጎን አላዘነበለም ማለት ነው። ለዚህም ነው ነጥብ ባልታመመው ጡት በኩልም የሚደረገው። አክስቴን ይሄ ነበር ያስደነገጣት። «ወደዚያኛውም ተዛምቶ ነው እንዴ?» ብላ አንድ ሌሊት ሙሉ አልተኛችም። ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«ሳይነቀሱ ጨረር አይሰጥም»

በብዙ ቦታ ነጥቡ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ግዴታ ይመስላል። ግን ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ ማዕከላት በማርከር ሰምረው በላዩ ላይ ብርሃን አስተላላፊ ስስ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ሌሎች ደግሞ የገላን ቅርጽ በሚያነቡ ካሜራዎች ይጠቀማሉ። ማሽኑ የዛሬውን አተኛኘት ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽራል፤ ነጥብ አያስፈልግም። በአሜሪካና በአውሮፓ ይሄ እየተለመደ ነው፤ እዚያ ያላችሁ ጠይቁ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት ካልሆነ በቀር የማይታይ ቀለም ተሞክሯል። እኔን የገረመኝ ይሄ ለእኛ ቆዳ ያለው ጥቅም ነው። የተለመደው ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ ጠይም ገላ ላይ ከማርያም ስማኝ ወይም ከጠቃጠቆ ጋር ይመሳሰላል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቦታው በፎቶና በልኬትም ይመዘገባል።

የሕክምናው ርዝመትም ወሳኝ ነው። ቀድሞ የተለመደው 25 ቀን፣ አምስት ሳምንት ነበር። ዛሬ በብዙ አገር 15 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ለተወሰኑ ታካሚዎች 5 ቀን እንደሚበቃ አሳይቷል። ለአምስት ቀን የዕድሜ ልክ ንቅሳት የግድ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ቅብጠት አይደለም።

ሌላው ገጽታም አለ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎች ማዕከላት ተከፍተዋል። ያም ሆኖ ብዙ ሴቶች ከሩቅ መጥተው ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት እየከረሙ ነው የሚታከሙት። በላብና በአቧራ መንገድ ላይ ማርከር ቶሎ ይለቃል። ነጥቡ አይለቅም። እንግዲህ ነጥቡን የሚመርጡ ባለሙያዎች ዝም ብለው አይደለም፤ ምክንያት አላቸው።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም»

ይሄኛው ውሸት ነው ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የልብ ጥያቄ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28ን የሚጠቅሱ አሉ። በሌላ በኩል ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ኦርቶዶክስ እናቶችን ሳናይ ያደግን ማን ነን? በእስልምና ለጌጥ መነቀስ እንደማይፈቀድ የታወቀ ነው። ለሕክምና ሲሆን ግን ጥያቄው ሌላ ስለሆነ፣ የሚያምኑትን ሼህ ማማከር ይሻላል። ንስሐ አባት ያላትም እንደዚያው።

እስራኤል ያሉ የእኛ ሰዎች ዘንድ ደግሞ «ንቅሳት ያለበት አይሁዳዊ በአይሁድ መቃብር አይቀበርም» የሚል ወሬ ይሰማል። ይሄ የተሳሳተ ነው። የአይሁድ ሕግ ንቅሳትን ቢከለክልም ቀብር አይከለክልም።

ዋናው ነገር፣ ቅሬታ ካለ መርፌው ከመምጣቱ በፊት መናገር ነው። «በማርከር ይሁንልኝ» ማለት ይቻላል። ማተብና መስቀልም እንዲሁ። ብረቱ ጨረሩ መንገድ ላይ ከሆነ ሊወጣ ይችላል፤ ክሩ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይገፋል። ራሳችሁ ከመበጠሳችሁ በፊት ጠይቁ።

«ገላ መታጠብ ክልክል ነው»

የአክስቴ አምስት ቀን! አይደለም። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። መፈተግ ነው የተከለከለው። የንቅሳት ነጥብ ካለ እሱ በውሃ አይሄድም። ማርከር ከሆነ መስመሩን ሳይሹ በዙሪያው መታጠብ ይቻላል። ጠበል የምትሄዱም ለባለሙያው ንገሩት፤ ቀኑን ከሕክምናው ጋር ማስማማት ይቻላል።

ቅቤና ቫዝሊን ግን መስመሩንም ፕላስተሩንም ያስለቅቃሉ። ልብስን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ያረጀ፣ ለስላሳ፣ ቢበላሽ የማያስቆጭ ጥጥ ልበሱ። የአክስቴ ነጠላ በበረኪናም አልለቀቀም።

«መስመሩ ከደበዘዘ እኔው በእስክሪብቶ ላድምቀው»

በፍጹም! ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ጉዳት ያለው ስህተት ይሄ ነው። የእናንተ እጅ ግማሽ ሣንቲ ሜትር ቢስት መስመሩ እውነተኛ መስሎ ያሳስታል። የጠፋ መስመር ከተሳሳተ መስመር ይሻላል። ልኬቱ፣ ፎቶውና የሲቲ ምስሉ ሆስፒታሉ ጋር ስላለ እነሱ መልሰው ያገኙታል። ስልክ ደውሉ፣ ወይም ስትገቡ «ለቋል» በሉ። ማንም አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

«ነጥቡ ጨረር ይይዛል፤ ልጅ ማቀፍ አይቻልም»

አይይዝም። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ያበቃል። ገላ ላይ አይቀርም፣ ቀለም ላይም አይቀርም። ልጅ እቀፉ፣ አብራችሁ ተኙ፣ አብራችሁ ብሉ።

«መርፌው በሽታ ያስተላልፋል»

መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስና ንጹሕ መሆን አለበት፤ አሠራሩም እንደዚያ ነው። ሲከፈት ልይ ማለት መብታችሁ ነው። ሕመሙ ደም ሲሰጡ ጣት እንደሚወጉት ያህል ነው።

«ቆዳው ከጠቆረ ተቃጠለ፤ ነጥቡ ነው ያበላሸው»

የሚያጠቁረው ጨረሩ ነው። ነጥቧ እንደ ስፒል ራስ ናት፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር። ፈረንጅ ቆዳ በጨረር ይቀላል፤ የእኛ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይላጣል። በጽሑፍ የሚሰጠው ምክር «ቀላ?» ብሎ ስለሚጠይቅ «አይ፣ አልቀላም» ብላ ዝም የምትል ሴት አለች። ጥቁረቱንም፣ ማቃጠሉንም ንገሯቸው። ደግሞ የመጨረሻው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል። ያ የተለመደ ነው። ቆዳው ከተከፈተ ወይም ፈሳሽ ካለው ግን ሳትዘገዩ ሂዱ። ጥቁረቱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ገላ ላይ ግን ጥቂት ምልክት ይቀራል።

«ትንሽ ነጥብ ናት፣ ምን ታካብዳለች?»

ይሄኛውን የሚሉት ጎረቤቶች አይደሉም። ብዙ ጊዜ ባለሙያዎች ናቸው።

አክስቴን የነቀሳት ሰው አስቀድሞ አልነገራትም። የት ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ፣ ደረቷ ተገልጦ፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ተኝታ ነበር። «ትንሽ ትወጋሻለች» አላት። አለቀ። ፊርማ የለም፣ ጥያቄ የለም። ስትነሳ ነው የማይጠፋ መሆኑን የሰማችው። ጡቷ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ፣ ፀጉሯ ገና አላደገም፣ እሷን ያስለቀሳት ግን ያቺ ነጥብ ነበረች። «ሁሉንም እሺ ብያለሁ፤ ይቺን ግን ማንም አልጠየቀኝም» ነው ያለችው።

ነጥቧ ትንሽ ናት፤ ልክ ነው። ግን ቀሚስ ስትመርጥ ታያታለች፣ ስትታጠብ ታያታለች። አንዳንዷ እንደ ድል ምልክት ታያታለች። ሌላዋ በየጠዋቱ ያ ክፍል ትዝ ይላታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «አመስግኚ፣ ተርፈሻል» የሚለው ምላሽ ግን አፍ ያዘጋል እንጂ አያጽናናም።

«ካልወደድኩት ሕክምናው ባለቀ ማግስት አስጠፋዋለሁ»

ማስጠፋት ይቻላል፤ በሌዘር። ማግስቱን ግን አይደለም። ጨረር ያረፈበት ቆዳ እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ሌዘር ራሱ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል ልምድ ያለው ሐኪም ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጨረር ሐኪሙን ጠይቁ። ወደፊት በአካባቢው ሌላ ጨረር ካስፈለገ፣ ነጥቧ የቀድሞው የት እንደነበረ ትጠቁማለችና «ትቆይ» የሚሉም አሉ።

አክስቴ ስለ ሌዘር ለጥቂት ወራት ጠያየቀች፣ ከዚያ ተወችው። ባለፈው የልጅ ልጇ እቅፏ ውስጥ ሆና፣ አንገትጌዋን ጎተት አድርጋ፣ «እማማ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየች። መሃል ደረቷ ላይ ሁለት ጥቋቁር ነገሮች አሉ፤ አንዱ አብሯት የተወለደ ነው።

«አንዷን ማርያም ስማኝ ነው» አለቻት። «ሌላዋን አንድ ልጅ በመርፌ ወጋኝ። የቷ የማን እንደሆነች እስቲ ለዪ!»

ልጅቷ አልለየችም።