የወንዝ ዳር ናና በሰሜን ሸዋ

ናና ውሃ ይወዳል። ምንጭ ዳር፣ የወንዝ ጠርዝ፣ ረግረግ፣ የቧንቧ ውሃ የሚፈስበት የጓሮ ጥግ፤ እርጥበት ይኑር እንጂ ይስማማዋል። የሰሜን ሸዋ ብርድም አያስፈራውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ውርጩ ይጀምራል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረውም አፈር ውስጥ የሚሳበው ግንድ በቀላሉ አይሞትም፤ ሲሞቅ እንደገና ያቆጠቁጣል።

መለየቱ አይከብድም። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ማሽከርከር ነው፤ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ከላይ ያለው ጥንድ ከታችኛው ጋር መስቀል ይሠራል። ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። በሶብላም፣ ጦስኝም፣ ዳማ ከሴም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ ግንዳቸው ያው ነው። ቁርጡን የሚናገረው ሽታው ነው፤ ቅጠሉን አሸት ሲያደርጉት አፍንጫ ይከፍታል። አበባ ካወጣ ደግሞ ዓይነቱም ይለያል። ሜንታ አኳቲካ የሚባለው ጫፉ ላይ ድቡልቡል አበባ አለው። ሜንታ ሎንጊፎሊያ ግን ቀጠን ረዘም ያለ ዘለላ ያወጣል፤ ቅጠሉም ጸጉራምና ግራጫማ ነው። ግንዱ ክብ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ካለው፣ ቅጠሉም የካሮት ቅጠል ከመሰለ እጅን መሰብሰብ ነው። ከዚያ ወገን ገዳይ መርዝ ያላቸው አሉ።

ናና በብዛት የሚፈለገው ለሆድ ነው። ለቁርጠትና ለሆድ መነፋት ቅጠሉ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተከድኖ ቆይቶ ይጠጣል። ክዳኑ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ ዘይቱ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ጉንፋን የያዘው ሰው በእንፋሎቱ ይታጠናል። አፍንጫው የተከፈተ ይመስለዋል እንጂ እብጠቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በአንዳንዱ ናና ውስጥ ያለው ሜንቶል የቅዝቃዜ ስሜት የሚሰጡ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ ነው። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ግን ቢተወው ይሻላል፤ ናና የጨጓራን አፍ ያላላል። የናና ዘይትን ሕፃን ልጅ አፍንጫ ስር መቀባት ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና ጨርሶ አይሞከርም።

በኔ እይታ ዋናው ጣጣ ተክሉ ሳይሆን የበቀለበት ውሃ ነው። በግና ከብት በሚግጡበት ረግረግ የጉበት ትል አለ። ትሉ በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወጥቶ ውሃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ ይለጠፋል። በግ የሚያከሳው ይሄው ትል ያንን ቅጠል ጥሬውን የበላ ሰውንም ይይዛል፤ እጥበት አያስለቅቀውም። ስለዚህ የረግረግ ናና በጥሬው ሰላጣ ላይ አይነሰነስም፤ በደንብ ይፈላል። ሽታው ትንሽ ቢቀንስም ይቀንስ።

ከዚህ ሁሉ ስጋት መገላገል ለፈለገ ጓሮ አለ። ከገበያ የተገዛ ናና ዘንጉ ውሃ ውስጥ ቢቆም በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ እያጠጡ ማሳደግ ነው፤ ግን በጣሳ ወይም በባልዲ ይተከል፣ ያለዚያ የጎመኑን መደብ ይወርሰዋል።