መገለልና ብቸኝነት አንድ አይደሉም

«ማኅበራዊ መገለል» ሲባል ብዙዎቻችን ብቸኝነት ይመስለናል። ብቸኝነት ስሜት ነው፤ ደሴ ፒያሳ መሃል በሰው ተከቦም ሊሰማ ይችላል። መገለል ግን ሌሎች የሚዘጉት በር ነው። የኛን ቅሬ፣ ማለትም የሰፈራችንን እድር፣ ውሰዱ። ሥራ ያጣ ጎልማሳ መዋጮ ሲያቋርጥ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። የለቅሶ ጥሪ አይደርሰውም፤ ቡና ሲፈላ «ና ጠጣ» የሚለው ይጠፋል። እሱም አፍሮ የቅሬውን ዳኛ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሰፈሩ ይህን ኩራት ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሐፍረት ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኔኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ተሳታፊዎችን ከኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ አግልለው አንጎላቸውን ሲመለከቱ፣ ከአካል ሕመም ጋር የሚያያዝ ክፍል ሲነቃ አዩ። ትርጓሜው እስካሁን ያከራክራል። መገለል ሲራዘም ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ ለድባቴና ለጭንቀትም ያጋልጣል።

ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው ከሰው ይርቃል፣ ሲርቅ ይረሳል፣ ሲረሳ ድባቴው ይብሳል። ስለዚህ «ውጣ፣ ተጫወት» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ሕክምናም ያስፈልጋል፤ የውዝፍ መዋጮውን መክፈያ ጊዜ የሚያራዝምለት ቅሬም እንዲሁ።