ኤንክሌቭ ምንድን ነው? መከበብ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የኤንክሌቭ ስልት ዲየን ቢየን ፉ ላይ ተሞክሮ ከሽፏል» ብሎ ጽፎ አየሁ፣ ፈረንሳዮች ቬትናም ውስጥ ተከበው የተሸነፉበትን ቦታ ማለቱ ነው። ይህን ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት እንጃ፣ ዛሬ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ኤንክሌቭ የተከበበ ጦር አይደለም። በሰው አገር ጦርነት ውስጥ ገብተህ ጠላትን በአገሩ ሁሉ ከማሳደድ ይልቅ ጥቂት ቦታ መርጠህ፣ በተለይ ወደብ ያለበትን የባሕር ዳርቻ፣ እሱን አጥብቀህ መያዝ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከፊት ካለው ምሽግ ይልቅ ከኋላ ካለው ደጀን ላይ ነው። የጓሮ በር ያለው ቤት አስብ። ጠላት የፊቱን በር ቢይዘው እንኳ ስንቁም ጥይቱም በጓሮ ይገባል፣ ቁስለኛውም በጓሮ ይወጣል። ባሕሩ በእጅህ እስካለ ድረስ ያን በር የሚዘጋብህ የለም።

ዲየን ቢየን ፉ የጓሮ በር አልነበረውም። በሩ ጣራው ላይ ነበር። ፈረንሳዮች ከባሕር ርቀው፣ ላኦስ ድንበር አጠገብ ያለ ሸለቆ ውስጥ ገብተው ሁሉን ነገር በአውሮፕላን ሊያመላልሱ አሰቡ። ቬትናሞቹ ደግሞ መድፉን በገመድ እየጎተቱ ተራራ ላይ አወጡት፣ ቆፍረውም ደበቁት። ጥቃቱ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1954 ተጀመረ፣ ወሩ ሳያልቅ ማኮብኮቢያው ከጥቅም ውጭ ሆነ። የጣራው በር ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስንቅ በፓራሹት ሲጣል፣ ይዞታው እየጠበበ ስለሄደ፣ ከፊሉ ጠላት እጅ ይገባ ነበር። ሜይ 7 ወደቀ።

ትክክለኛውን ምሳሌ የፈለገ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ የገባችበትን እ.ኤ.አ. 1965ን ይመልከት። ማርች 8 የአሜሪካ ማሪኖች የአየር ማረፊያውን ሊጠብቁ የባሕር ዳርቻ ከተማዋ ዳናንግ ወረዱ። በደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ በሳይጎን የነበረው የአሜሪካ አምባሳደር ማክስዌል ቴይለር፣ ራሱ የጦር ጄኔራል የነበረ ሰው ነው፣ ወታደሩ በባሕር ዳርቻ ተወስኖ እንዲቆይ ይፈልግ ነበር። ሐሳቡ ጠላትን መደምሰስ ሳይሆን እንደማያሸንፍ እስኪገባው ድረስ መቆየት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የጓሮ በር ስላለ ግቢው ሰላም ነው ማለት አይደለም። ጁላይ 1 ሌሊት ሰርገው የገቡ ተዋጊዎች ዳናንግ ላይ የቆሙ አውሮፕላኖችን አወደሙ። ሞርታር እንዳይደርስብህ አጥሩን ወደ ውጭ ትገፋለህ፣ አጥሩ ሲሰፋ ተጨማሪ ጠባቂ ትጠይቃለህ፣ ጠባቂው ደግሞ ቅኝት ይወጣል፣ ቅኝቱ ውጊያ ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ሳታስበው መሀል አገር ትገባለህ። የስልቱ እውነተኛ ድክመት ይሄ ነው፣ ስለ እሱ ቢከራከሩ ደስ ይለኛል።

«ከሸፈ» የሚለውም አይሄድም። በዚያው ዓመት አፕሪል 20 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሆኖሉሉ ላይ ተሰብስበው በዚህ ስልት ተስማሙ። ቬትናም የነበረው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌስትሞርላንድ ግን ጠላትን ባለበት ሄዶ መምታት ፈለገ፣ ፈቃዱንም ጁን ውስጥ አገኘ። ጁላይ 28 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የወታደሩን ቁጥር ወደ 125,000 እንደሚያሳድግ አስታወቀ። ቢቀጥል ያዋጣ ነበር አልልም። በወራት ውስጥ ተተወ እንጂ ተሞክሮ አልወደቀም።