የሸክላ አፈር ፍትጊያ ዜሮ ሲወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድሬዳዋ ቢሮ ድረስ የላብራቶሪ ሪፖርት ይዞ መጣ። ናሙናው ከሐረማያ ሐይቅ ዳር የወጣ፣ ውሃ የጠገበ ሸክላ ነው። «እስቲ ይሄን እየው፤ የፍትጊያ አንግሉን ዜሮ ብለውታል። ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። የፍትጊያ አንግል አፈሩ ሲጫን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተፋትገው ምን ያህል እንደሚጠነክሩ የሚናገር ቁጥር ነው። አልፈረድኩበትም፤ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲመረምር ለኖረ ሰው ፍትጊያ የሌለው አፈር አይዋጥለትም።

«ዜሮ የወጣው በስህተት ነው።» ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሦስት ናሙናዎች ጎማ ለብሰው፣ ውሃ መውጫቸው ተዘግቶ፣ ዙሪያቸውን በ100፣ በ200 እና በ300 ኪሎፓስካል ታቅፈው ናሙናን ከዙሪያው አቅፎ ከላይ በሚጫነው ማሽን፣ በትራያክሲያል፣ ተፈተኑ እንበል። ሦስቱም ከላይ 120 ኪሎፓስካል ሲጨመርባቸው ይሰበራሉ። ከዙሪያ የጨመርነውን ግፊት በሙሉ የተሸከመው ውስጡ የታሰረው ውሃ ነው፤ የአፈሩ ቅንጣቶች ከበፊቱ አብልጠው አልተጫኑም፣ ስለዚህም አልጠነከሩም። የ120 ግማሽ፣ ማለትም 60 ኪሎፓስካል፣ ውሃው ሳይወጣ ሸክላው ያለው ጥንካሬ ነው። ያንኑ ሸክላ ውሃው ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርገን ብንፈትነው 20 ወይም 25 ዲግሪ ፍትጊያ ሊያሳይ ይችላል። ዜሮውን ያመጣው የውሃው መታሰር ነው። ዜሮ መጻፍ ከብዷቸው 5 ዲግሪ ጨምረው የሚያሰሉ ባለሙያዎች ያናድዱኛል፤ የሌለ አቅም ለሕንፃው ማበደር ነውና።

«ናሙናው ውሃ ውስጥ ካደረ ጠግቧል።» አልጠገበም። በበጋ ደርቆ የከረመ ሸክላ አየር ደብቆ ይይዛል። ውሃው ታስሮ በሚሠራው በፈጣኑ ፈተና የሦስቱ ናሙናዎች ጥንካሬ ከዙሪያ ግፊቱ ጋር እያደገ ከሄደ መጀመሪያ ይህን አየር ጠርጥሩ። በዝግታ በሚሠሩት ፈተናዎች ደግሞ አየሩ ውሃው ውስጥ እንዲሟሟ ከውስጥም ከውጭም ግፊት ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ከዚያ የአፈር ምሕንድስና ሊቁ ስኬምፕተን በ1954 ያስተዋወቀው የ«ቢ» ልኬት ይወሰዳል። የውሃ መውጫው ተዘግቶ የዙሪያው ግፊት በ50 ኪሎፓስካል ሲጨምር የውስጡ የውሃ ግፊት ቢያንስ በ47.5 ከፍ ካላለ፣ ማለትም «ቢ» 0.95 ካልደረሰ፣ ብዙ ላብራቶሪዎች ወደ ቀጣዩ ደረጃ አያልፉም።

«ማሽኑን ብናፈጥነው ለውጥ የለውም።» ፈጣኑ ፈተና ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ውሃው እየወጣ የሚሠራው ግን ለሸክላ ቀናት ይፈልጋል። ባለቤቱ ስለቸኮለ ብቻ ከተፋጠነ ውሃው መውጫ አጥቶ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ የሚነበበው ቁጥርም ለየትኛውም ስሌት አይሆንም።

«አንዱ ውጤት ለሁሉም ሥራ ይሆናል።» የባልደረባዬ ናሙና የተመረመረው ለመጋዘን ነበር፤ ለዚያ እንደ 60 ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈው ውሃው ከመውጣቱ በፊት ነው። ለረጅም ግድግዳ መሠረት፣ ፍትጊያ ዜሮ ሲሆን የሚያገለግለው የመሸከም አቅም ማባዣ 5.14 ሲባዛ በ60 ወደ 308 ኪሎፓስካል ይመጣል፤ ለደኅንነት ለ3 ሲካፈል 103 ገደማ። ከጊዜ ጋር ውሃው እየተጨመቀ ሲወጣ ሸክላው ይበልጥ ይጠነክራል።

ቆረጣ ግን ተቃራኒው ነው። በደንገጎ ዳገት እንደምናየው ተራራ ተቆርጦ መንገድ ሲወጣ፣ የተቆረጠው ሸክላ ከሆነ፣ ሸክሙ የቀለለት አፈር ቀስ በቀስ ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ይላላል። በመጀመሪያው ዓመት ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ከዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት ሊናድ ይችላል። እዚያ 60ውን ይዞ ማስላት አደገኛ ነው፤ የውስጡ የውሃ ግፊት እየተለካ ከተሠራው ዝግተኛ ፈተና የተገኘው የፍትጊያ አንግል ያስፈልጋል።